የአደራ ልጅ ቀለብ

ቶማስ ኮራም ዕድሜውን በባሕር ላይ ያሳለፈ የመርከብ ካፒቴን ነበር። በ1720ዎቹ ከሥራው አርፎ ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው ሮዘርሃይዝ ይኖራል። ለጉዳዩ ማልዶ ወደ ከተማ ሲገባና አምሽቶ ሲመለስ በመንገዱ ዳር የተጣሉ ሕፃናት ያያል። አንዳንዶቹ ገና ይተነፍሳሉ፤ አንዳንዶቹ ሞተዋል። መንገደኛው ሁሉ አይቶ ሲያልፍ ኮራም ማለፍ አቃተው። 17 ዓመት በየመኳንንቱ ቤት ደጅ ጠንቶ፣ በ1739 ከንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ የተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ የሚያቋቁምበትን ፈቃድ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 25 ቀን 1741 ማታ የማሳደጊያው በር ተከፈተና 30 ሕፃናት ገቡ። በኋላም አንድ ቀን ልጄን መልሼ እወስደው ይሆናል የሚል ተስፋ ያላት እናት ቁራጭ ጨርቅ ወይም የተሸረፈ ሳንቲም ለምልክት ትታ ትሄድ ነበር። ማሳደጊያው ግን ሕፃናቱን በግንቡ ውስጥ አላቆያቸውም። ወዲያው ወደ ገጠር፣ ወደ ኬንት፣ ወደ ሰሪና ወደ ኤሴክስ መንደሮች ይላካሉ። እዚያ ጡት ያላት የቀን ሠራተኛ ሚስት ትቀበላቸዋለች፤ አምስት ዓመት ገደማ እስኪሆናቸውም ከራሷ ልጆች ጋር ታሳድጋቸዋለች።

ለዚህ ድካሟ በየሳምንቱ ይከፈላታል። የልጁ ልብስ ከለንደን ይመጣላታል። የተቀበለችው ሕፃን ዓመት ከሞላውም ሽልማት አላት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘቡ የሚደርስበት መንገድ ነበር። በየአካባቢው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርትና ሚስቱ ጄን በቺዚክ ይህን አገልግሎት ሰጥተዋል። ተቆጣጣሪው ክፍያውን ይዞ ይሄዳል፣ ሕፃኑንም ያያል። የሚከፍለው እጅና የሚያየው ዓይን የአንድ ሰው ነበሩ። ቀጥሎ የምንተርከው የ280 ዓመት ታሪክ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ልጆች እንዴት እንደ ዳኑ፣ ሲለያዩም እንዴት እንደ ጠፉ ያሳየናል።

በአማርኛ ማደጎ የሚለው ቃል ሰፊ ነው። እዚህ የአደራ ልጅ የምለው ስሙና ውርሱ ወደ አሳዳጊው ሳይዛወር፣ በማኅበር ወይም በመንግሥት አደራ በሌላ ሰው ቤት የሚያድገውን ልጅ ነው። ለእሱ የሚከፈለውን ቀለብ እለዋለሁ። ለአሳዳጊው ልፋት የሚከፈለው የድካም ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው። የሁለቱ ልዩነት በኋላ ብዙ ያከራክራል።

በ1756 ፓርላማው ገንዘብ ሰጥቶ ማሳደጊያው የመጣለትን ሕፃን ሁሉ እንዲቀበል አዘዘ። በአራት ዓመት ውስጥ 15 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት መጡ። የሚያጠቡ እናቶች አልበቁም፤ ተቆጣጣሪዎቹም ሊያዳርሱ አልቻሉም። ከልጆቹ የሚበዙት ሞቱ። በ1760 ትእዛዙ ቢቆምም ከዚያ ጥፋት ትምህርት የወሰደ አንድ ሰው ነበር። የማሳደጊያው የቦርድ አባል ዮናስ ሃንዌይ በለንደን ጎዳና ጃንጥላ ይዞ የሄደ የመጀመሪያው ወንድ ነው እየተባለ ይነገርለታል። ሊታወስ የሚገባው ግን በሌላ ሥራው ነው።

ሃንዌይ በየአጥቢያው እየዞረ የድሃ ሕፃናትን መዝገብ ጠየቀ። አጥቢያዎቹ ወላጅ የሌለውን ሕፃን በጥቂት ሳንቲም ለሞግዚት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። በ1765 አንዲት ሞግዚት ከተረከበቻቸው 23 ሕፃናት 18ቱ ሞተው አገኘ። ቁጥሩን በአደባባይ አሳተመው። በ1767 በእሱ ግፊት የወጣው ሕግ የለንደን አጥቢያዎች ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከከተማው ቢያንስ 3 ማይል ርቀው ወደሚገኙ መንደሮች እንዲልኩ አስገደደ። ለአሳዳጊዋ በሳምንት ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ያላነሰ እንዲከፈል ደነገገ። የጨቅላ ሕፃንን ነፍስ ለዓመት ላቆየች 10 ሺሊንግ ሽልማት፣ በየአጥቢያውም ልጆቹን የሚከታተሉ ጠባቂዎች እንዲኖሩ አዘዘ። (12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነበር።) ድሃው ሕዝብ ሕጉን ልጆችን በሕይወት የሚያቆይ ሕግ ብሎ ጠራው። የዚህ ሕግ ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ማበጀቱ ነው። ወለሉ ግን ለለንደን ብቻ ነበር፤ የቀረው አገር በየአጥቢያው ፈቃድ ቀረ።

በ1834 አዲስ የድሆች ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ያላገባች እናት ከልጇ አባት ቀለብ የምታገኝበትን መንገድ አጠበበው። የቤት ሠራተኛ ሆና የምታድር ሴት ልጅ ይዛ ሥራ አታገኝም፤ ልጇን የምታስቀምጥበት ዘመድም ላይኖራት ይችላል። እንዲህ ያሉ ሴቶች የጋዜጣ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። ማስታወቂያው አንዲት ደግ ባለትዳር ሕፃን ተቀብላ እንደ ልጇ እንደምታሳድግ ይናገራል፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ፓውንድ ነው። እናት የወር ደመወዟን አጠራቅማ ትከፍልና ሕፃኑን በባቡር ጣቢያ አስረክባ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ የክፍያው ዓይነት ራሱ ገዳይ ሆነ። በየሳምንቱ የሚከፈላት አሳዳጊ ልጁ በኖረ ቁጥር ገንዘቡ ይቀጥልላታል። አንድ ጊዜ ለተከፈላት ግን ልጁ የሚኖርበት እያንዳንዱ ቀን ከትርፏ ላይ የሚቀነስ ነው። ማርጋሬት ዋተርስ በብሪክስተን በያዘችው ቤት ሕፃናት በመድኃኒት ደንዝዘው፣ በረሃብ መንምነው ተገኙና በ1870 ተሰቀለች። በ1872 የሕፃናትን ሕይወት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ለክፍያ ሁለትና ከዚያ በላይ ጨቅላዎችን የሚያሳድግ ሰው እንዲመዘገብ አዘዘ። አንድ ሕፃን ብቻ የሚቀበልን ግን አልነካም። በ1896 ደግሞ ከሬዲንግ ከተማ አጠገብ ከቴምዝ ወንዝ የሕፃናት አስከሬን ወጣ። አሚሊያ ዳየር የምትባል ሴት ለዓመታት ሕፃን በክፍያ ስትቀበልና ስትገድል መኖሯ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት በኒውጌት ወህኒ ቤት ተሰቀለች። ሕጉ በ1897 እንደገና ጠበቀ። ጠባሳው ግን አልሻረም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ለማሳደግ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር።

ዋተርስ በተሰቀለችበት በ1870 መንግሥት የሙት ልጆችንና ወላጅ የጣላቸውን ከድሆች መጠለያ ግንብ አውጥቶ በመንደር ቤተሰብ ዘንድ ለማሳደግ የሚያስችል ትእዛዝ አወጣ። ለአሳዳጊው በሳምንት ከ4 ሺሊንግ በላይ እንዳይከፈል ተወሰነ፤ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ሕክምና ለብቻ ናቸው። ልብ እንበል፤ የ1767ቱ ሕግ ከዚህ በታች አይሁን ሲል የ1870ው ከዚህ በላይ አይሁን አለ። ጭራሽ ይህም በዛ ያሉ ነበሩ። የምጣኔ ሀብት ሊቁና የፓርላማ አባሉ ሄንሪ ፎሴት፣ ቀኑን ሙሉ የሚለፋ የገበሬ ሠራተኛ ለገዛ ልጁ ይህን ያህል ማውጣት ሳይችል የድሃ ማኅበር ልጅ ከእሱ ልጅ ይበልጥ ሊመቸው አይገባም ብሎ ተቃወመ። የአባትየው ደመወዝ ማነሱ የሙት ልጁን ቀለብ ለመቀነስ ምክንያት ሆነ።

በዚህ ዘመን አንዲት ሴት ብቻዋን የአገር ዓይን ሆነች። ማሪያን ሜሰን በ1885 ከየወረዳቸው ውጪ በቤተሰብ የሚያድጉ ልጆች ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። እስከ 1910 ድረስ በባቡር፣ በጋሪና በእግሯ ከመንደር መንደር ዞረች። ቤት ስትደርስ በተጠረገው ወለልና በንጹሑ ገበታ አትሸነገልም ነበር። የልጁን ጫማና ካልሲ አስወልቃ እግሩን ታያለች። ፊትና እጅ ለእንግዳ ሲባል በደቂቃ ይታጠባሉ፤ የጠበበ ጫማ ያቆሰለው ጣት ወይም ለሳምንታት ውሃ ያልነካው ተረከዝ ግን አይደበቅም። ለጫማ የተከፈለው ገንዘብ ጫማ መሆኑን የምታረጋግጠው እግሩ ላይ ነበር።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር እንግሊዝ ከዚያ በፊት ያላየችው ነገር ሆነ። ከቦምብ ለማሸሽ ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ስማቸው ልብሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ከየከተማው ወደ ገጠር ተላኩ። የተቀባዩ ቤተሰብ ቀለብ አንድ ልጅ ብቻ ለተቀበለ በሳምንት 10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነበር፤ ከአንድ በላይ ለተቀበለ ለእያንዳንዱ 8 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ። ክፍያው በፖስታ ቤት ይወሰዳል። ባለጸጋውም ድሃውም የሰው ልጅ ለመመገብ ስንት እንደሚያስፈልግ በገዛ ጓዳው አወቀ፤ አይበቃም የሚለው ቅሬታም ከሁሉም ወገን ተሰማ።

ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት አንድ ስም አገሩን አስደነገጠ። ዴኒስ ኦኒል የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በዌልስ የምትገኘው የኒውፖርት ከተማ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው ምክር ቤት፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በሽሮፕሸር ለሚኖሩ ገበሬ ባልና ሚስት አደራ ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ ቀለቡን ይቀበላሉ፤ ልጆቹ ግን ይራባሉ፣ ይደበደባሉ። በፈረንጆች ገና ሰሞን አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አይታቸው ከዚያ ቤት መውጣት እንዳለባቸው አሳወቀች። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጃኑዋሪ 9 ቀን 1945 ዴኒስ ሞተ። ሰር ዋልተር ሞንክተን የመሩት ምርመራ ሁለት ካውንስሎች ልጁን የማየቱን ኃላፊነት አንዱ በሌላው ላይ ሲጥሉ ማንም በአግባቡ እንዳላየው ገለጠ። ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከ1952 ጀምሮ በለንደን መድረክ ሲታይ ለኖረው “የአይጥ ወጥመድ” ተውኔቷ መነሻ ያደረገችው ይህንኑ ታሪክ ነው። ከጀርባው እውነተኛ ልጅ እንዳለ የሚያውቀው ተመልካች ስንቱ ይሆን?

ከዚህ በኋላ በማይራ ከርቲስ የሚመራ ኮሚቴ መላውን የልጆች አያያዝ መርምሮ በ1946 ሪፖርቱን አወጣ። ልጅ ከትልልቅ ማሳደጊያ ይልቅ በጥሩ ቤተሰብ ቢያድግ እንደሚሻል መከረ። ስለ ገንዘቡ ግን ጥንቃቄ የበዛበት ሐሳብ አቀረበ፦ የልጁ ወጪ ይሸፈን፣ ለአሳዳጊዋ ልፋት ግን ደመወዝ አይከፈል፤ ክፍያ በልጁና በአሳዳጊው መካከል ሊበቅል የሚገባውን ፍቅር ከሥሩ ይቆርጠዋልና። የዳየር ጥላ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በኮሚቴው ላይ እንዳንዣበበ ነበር። የ1948ቱ የልጆች ሕግ በየካውንስሉ ራሱን የቻለ የልጆች መምሪያ አቋቋመ። ዓይኑ ተሠራ። ቀለቡ ግን በየካውንስሉ ፈቃድ ተተወ፤ ወንዝ ተሻግሮ ያለ ልጅና ወዲህ ያለ ልጅ ለአንድ ዓይነት ረሃብ የተለያየ ቀለብ ይቆረጥላቸው ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው ስሙን አማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚረዳው ልጅ የተወለደው። በ1967 አንዲት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሄደች ኢትዮጵያዊት በዊጋን አቅራቢያ ወንድ ልጅ ወለደችና ለምን ብላ ጠራችው። ትምህርቷን እስክትጨርስ ለጊዜው የሚያሳድግላት ፈለገች። ጉዳዩን የያዘው ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የካውንስሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ የራሱን ስም ኖርማንን ለሕፃኑ ሰጠው፤ ለአሳዳጊዎቹም፣ ለምን ራሱ እንደ መሰከረው፣ እንደ ጉዲፈቻ ቁጠሩት አላቸው። እናቱ ልጄን እንዴት አድርጌ ልመልሰው ብላ ጻፈች። ደብዳቤው በፋይል ውስጥ ተቀመጠ። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ከዚያ በኋላ 18 እስኪሞላው በአራት ማሳደጊያዎች ተንከራተተ።

የዛሬው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ያ ልጅ ነው። ፋይሉን ለማግኘት ዓመታት ታግሎ በ2015 ተሰጠው፤ በ2018 የዊጋን ካውንስል ካሳ ከፈለው፤ በ2019 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። ስሙን በአማርኛ ሳነበው ልቤ ይነካል። ሲሳይ ማለት አምላክ ለሰው የመደበለት እንጀራ ነው፤ ለምን ደግሞ ጥያቄ። ያ ሕፃን የጎደለው ምግብ ብቻ እንዳልነበር ታሪኩ ያሳያል። አሳዳጊዎቹ እንደ ራሳችሁ ልጅ ውደዱት ተብለው ተሰጣቸው። ፍቅሩ ሲላላ የሚያማክራቸው፣ የሚያሠለጥናቸው፣ ቤቱን የሚደግፍ ሥርዓት ግን አልነበረም። ከርቲስ ፍቅርን ከገንዘብ ለመጠበቅ የዘጋችው በር ድጋፍንም አስቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

በሩን መልሰው የከፈቱት አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በ1974 ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙና የልጅ እውነተኛ ወጪ ስንት እንደሆነ እያሰሉ በየጊዜው ያሳትሙ ጀመር። በ1975 ናንሲ ሄዝል የምትባል ባለሙያ፣ የጥንቶቹ ሕፃናት ጡት ፍለጋ በተላኩባት በኬንት፣ አዲስ ሙከራ ጀመረች። ቤተሰብ አይቀበላቸውም ተብለው በተቋም የተዘጋባቸውን ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቤተሰብ አስቀመጠች። ለአሳዳጊዎቹ ከቀለቡ በተጨማሪ የድካም ዋጋ ተከፈላቸው፤ በቡድን እየተገናኙም ይመካከሩ ነበር። ወጣቶቹን የሚቀበሉ ቤተሰቦች ተገኙ፤ ፍቅርም ከሥሩ አልተቆረጠም። የኬንት አሠራር ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ።

ቀጣዩ ክርክር የዘመድ ነበር። አያት የልጅ ልጇን፣ አክስት የእህቷን ልጅ ስታሳድግ ካውንስሎች ዘመድ ነሽና ግዴታሽ ነው በሚል ስሜት ከባዕድ አሳዳጊ እጅግ ያነሰ ይከፍሉ ነበር። በ2001 ዳኛ ጄምስ መንቢ የማንችስተር ካውንስል ይህ አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። የልጁ ሆድ ማን እንዳጎረሰው አይቶ አይጠግብም፤ ዝምድና ወጪን አይቀንስም። በ2013 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት በታወር ሃምሌትስ ካውንስል ጉዳይ ለድካም ዋጋም ዘመድን መለየት እንደማይገባ ወሰነ።

በ2003 ግብር ተነሣ። አንድ ቤተሰብ ልጅ በማሳደግ ከሚያገኘው በዓመት የመጀመሪያው 10 ሺህ ፓውንድ ከግብር ነጻ ሆነ፤ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ልጅ የሚታሰብ ሳምንታዊ ነጻ መጠን ተጨመረ። ከአፕሪል 2007 ጀምሮ ደግሞ ለመላው እንግሊዝ አንድ ዝቅተኛ የቀለብ መጠን ተወሰነ። ሃንዌይ ለለንደን ሕፃናት ካበጀው ወለል እስከዚህ አገር አቀፍ ወለል 240 ዓመት ሆነ። በ2014 የወጣው ሕግ ልጁ 18 ሲሞላው በዚያው ሌሊት ቤት አልባ እንዳይሆን፣ ሁለቱም ከፈቀዱ እስከ 21 ዓመቱ በአሳዳጊው ቤት እንዲቆይና ካውንስሉ እንዲደግፍ አደረገ። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት አሳዳጊዎች የሠራተኛ ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ፈረደ። በ2023 የእንግሊዝ ዝቅተኛ ሳምንታዊ ቀለብ እንደ ዕድሜና አካባቢ ከ154 እስከ 270 ፓውንድ ሆነ፤ ከግብር ነጻ የሆነውም መጠን ወደ 18,140 ፓውንድ አደገ። በዚያው ዓመት ስኮትላንድም የራሷን አገር አቀፍ መጠን አወጀች።

ታሪኩ እዚህ አልተቋጨም። በ2023 በእንግሊዝ በመንግሥት አደራ ሥር ከነበሩት ከ83 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ሁለት ሦስተኛው ያህል በአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ነበሩ። የሚቀበሉት ቤቶች ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት ይቀንስ ነበር። ለልጁ ቀለብ ወለል ተበጅቷል፤ ለአሳዳጊዋ የድካም ዋጋ ግን ዛሬም አገር አቀፍ ወለል የለም። አንዱ ካውንስል ደህና ይከፍላል፣ ሌላው ጥቂት ይሰጣል። ከሌሊት ቅዠት የሚነቃ ልጅ አቅፋ የምታድር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ከሰዓት ፍርድ ቤት የምትቀርብ ሴት ስትታመም የሚተካት ላታገኝ ትችላለች።

ዛሬ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተነሥተው በረሃና ባሕር ብቻቸውን ያቋረጡ ልጆች ዶቨር ወደብ ይደርሳሉ። ዶቨር ያለችው በኬንት ነው። የኮራምን ሕፃናት ያጠቡ እናቶች በኖሩበት፣ ሄዝልም ወጣቶቹን ከቤተሰብ ባገናኘችበት ምድር የማያውቁት ሰው በር ይከፍትላቸዋል። ሕጉ ሶሻል ወርከሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ ልጁን እንዲያይ ያዛል። ያ ልጅ ሊቢያን በጎማ ጫማ ያቋረጠ ከሆነ ለአሳዳጊዋ የተላከው የመጀመሪያ ሳምንት ቀለብ የሚሆነው ጫማ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው፣ ማሪያን ሜሰን ታደርገው እንደነበረው፣ እግሩን ማየት አለበት።